በቆርቆሮ ሥር ስለሚወርደው ጤዛ

በመርካቶ፣ በሸማ ተራ፣ ከቆርቆሮ ጣራ ሥር የሚነግድ ሰው በታኅሣሥ ወይም በጥር ማለዳ ሱቁን ከፍቶ ከላይ የደረደረውን ጋቢና ነጠላ ረጥቦ ቢያገኘው፣ ክረምቱ ካለፈ ወራት መቆጠራቸውን እያወቀ እንኳ፣ «ጣራው አፈሰሰ» ብሎ ይፈርድና ሠራተኛ ጠርቶ የምስማሩን ቀዳዳ በሬንጅ ያስደፍናል፤ በግድግዳና በጣራ መካከል የቀረችውንም ክፍተት በጨርቅ ያስወትፋል፤ ሸማውንም ለጥንቃቄ ሲል በላስቲክ ይጠቀልላል። ይህ ልማድ እጅግ የተስፋፋና በብዙዎች ዘንድ እንደ ብልኀት የሚቆጠር ቢሆንም፣ የሸማውን ጠላት ከውስጥ ቆልፎ የሚያሳድር ነውና ፈጽሞ የተሳሳተ ነው እላለሁ።

ያ ውሃ የመጣው ከራሱ ከሱቁ አየር ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ እስከ 17 ግራም የሚደርስ የውሃ ተን ሊሸከም ሲችል፣ ወደ 10 ዲግሪ በወረደ ጊዜ የሚችለው ከ9 ግራም ጥቂት ከፍ ያለውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ትርፉ በአቅራቢያው ባገኘው ቀዝቃዛ ገጽ ላይ ጤዛ ሆኖ ያርፋል። ገዥና ሻጭ ቀኑን ሙሉ ሲተነፍሱበት፣ ቡናና ሻይ ሲፈላበት የዋለው አየር፣ ማታ በሩ ሲዘጋ ተኑን እንደ ያዘ እዚያው ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቈረቈረችው በአዲስ አበባ ደግሞ የበጋ ሌሊት ሰማይ ጥርት ያለ ነውና፣ ውፍረቱ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላው ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየለቀቀ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። ቀዳዳው ሁሉ ሲደፈን መውጫ ያጣው ተን ከዚህ ብርድ ጋር ይገናኛል፤ ጠብታውም ከሸማው ላይ ይወርዳል።

የሚያሳዝነው የወቅቱ ነገር ነው። ምእመናን ለልደትና ለጥምቀት ነጭ ለመልበስ ሲዘጋጁ ነጋዴው ሸማ የሚያከማቸው ሌሊቱ እጅግ በሚበርድበት በዚያው ሰሞን ነው። ጥጥ እርጥበት ወዳድ ነው፤ በዙሪያው ያለው አየር እርጥበት ከመቶ 80 እጅ በላይ ሆኖ ከቆየ ሻጋታ ይበቅልበታል። በላስቲክ የተጠቀለለ ጋቢ ከጠብታው ቢድንም፣ በውስጡ የነበረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ከላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስለሚቋጠር፣ ሸማኔው ስንት ቀን የደከመበት ጥለት ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል።

ቆርቆሮው ቀለም ቢቀባ ይሻላል የሚሉም አሉ። ያልተቀባ የዚንክ ገጽ ሙቀትን ወደ ሰማይ የሚለቀው በጥቂቱ ሲሆን፣ ከላይ የተቀባው ግን አብዝቶ ይለቃልና፣ ሌሊት ይብሱን ይቀዘቅዛል። ከጤዛ ውሃ ለመሰብሰብ የሚደክሙ ጠበብት የመሰብሰቢያውን ገጽ እንዲህ ባለ ሽፋን የሚያለብሱት ይህን ባሕርይ ስለሚያውቁ ነው። የሽመና ጥበባቸው በአገሩ ሁሉ በታወቀው በዶርዜዎች መንደር፣ ኢጣሊያዊው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ አርቱሮ ቪቶሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ከቀርከሃ ያቆመው ማማ ከጉምና ከጤዛ ውሃ ለማንጠባጠብ የታሰበ ነው፤ ለሸማ ተራ ግን የማያንጠባጥብ ገጽ ያስፈልገዋል። እንደ ጎደሬ ቅጠል ውሃን የሚገፉ ሽፋኖችም ዛሬ በዓለም ይሠራሉ፤ ነገር ግን ከእነዚህ ብዙዎቹ ፍሎሪን ያለባቸው፣ ወደ አፈርና ወደ ውሃ ከገቡ በኋላ ለረጅም ዘመን የማይፈርሱ ቅመሞች ስለ ሆኑ፣ ለአንድ ሱቅ ድርቀት ሲባል ምድርን የሚያረክስ መድኃኒት አልመክርም።

ከሁሉ የምቃወመው ግን ከቆርቆሮው ሥር ፎም መለጠፍን ነው። ጤዛውን ሊቀንሰው ይችላል፤ ዳሩ ግን ፎም ለእሳት ማገዶ ነው፤ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ የስንቱን ሰው ጥሪት እንደ በላ ያየ ሁሉ እንዲህ ያለውን ነገር ከጥጥ ክምር በላይ ሊሰቅል አይገባውም።

ከሥሩ ጨርቅ መሰል ሽፋን የተለጠፈበት ቆርቆሮ አለ፤ ሽፋኑ ሌሊት ጤዛውን መጥጦ ይይዝና ቀን በሙቀት መልሶ ለአየር ይሰጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ አየር በማይዘዋወርበት ቤት ግን ራሱ የሻጋታ መደብ ይሆናል። የማይነደው የጅብሰም ኮርኒስም፣ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል ነፋስ ካልተላለፈበት፣ ጠብታውን ከዓይን ሰውሮ እላዩ ላይ ያጠራቅመዋል። እንግዲህ በማናቸውም ገጽ ፊት የሚቀድመው ክፍተቱ ነው፤ ከግድግዳው ራስ ዝቅ ብሎ አንድ መግቢያ፣ ከጣራው አናት ላይ ዝናብ እንዳይገባበት የተከደነ አንድ መውጫ። ሌባና አይጥ ይገባል የሚለውን ሥጋት አልንቀውም፤ ሰው የኖረበትን ሀብት መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ለዚህ ግን ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ይበቃል።

በሸማ ተራ ሱቅ የምትሠሩና የምታሠሩ ሁሉ፣ ግንበኛው ጣራውን ሳይመታ በፊት ይህን ክፍተት ጠይቁት፤ ነጋዴዎችም ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሸማውን ከላስቲክ አውጡት፣ ከግድግዳና ከወለል አርቃችሁ በእንጨት መደርደሪያ ላይ አኑሩት፤ የወተፋችሁትንም ጨርቅ ይህ በጋ ሳያልፍ ንቀሉት።