ሞገድ እያለ ባትሪ ለምን ያልቃል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ብሉፊን-21 የተባለ ሰው አልባ ሰርጓጅ፣ 239 ሰዎችን አሳፍሮ የጠፋውን የማሌዥያ አውሮፕላን ኤምኤች 370ን ፍለጋ በሕንድ ውቅያኖስ ተሰማርቶ ነበር። ለመውረድ ሁለት ሰዓት፣ ለመውጣትም ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ለፍለጋው የሚተርፈው በዕቅዱ መሠረት 16 ሰዓት ያህል ነበር። ከዚያ ወደ መርከቡ ይመለሳል፣ የሰበሰበው መረጃ ይገለበጣል፣ ባትሪው ይታደሳል። ከበላዩ ግን ውቅያኖሱ ያለ ዕረፍት ይናወጣል፤ ያን ጉልበት የሚቀልብ አልነበረም።

የሞገድ ኃይል ሲነሣ ብዙዎች የሚያስታውሱት ውድቀቱን ነው። በስኮትላንድ ፔላሚስ በ2014፣ አኳማሪን ፓወርም በ2015 ገንዘብ አጥተው ተዘጉ። ሞገዱ ጉልበት አላነሰውም፤ ለከተሞች በሚሸጥ ኤሌክትሪክ ዋጋ ግን ከነፋስ ኃይል ጋር መፎካከር ከባድ ነው። ከየብስ በራቀ ቁጥር ስሌቱ ይለወጣል። በውቅያኖስ መካከል ተፎካካሪው ናፍጣ የሚያቃጥልና ሠራተኛ የሚቀልብ መርከብ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ2019 ባወጣው ጥናት ሰርጓጆችን መሙላትን ከሞገድ ኃይል ገበያዎች አንዱ አድርጎ መቁጠሩ ተገቢ ነበር፤ ምናልባትም ከሁሉ መቅደም የነበረበት ይኸው ነው።

አሠራሩ ለመግለጽ ቀላል ነው። ተንሳፋፊው ከሞገዱ ጋር ከፍ ዝቅ ሲል ጄኔሬተር ያንቀሳቅሳል፤ ኃይሉ በገመድ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሰርጓጁ ማረፊያው ውስጥ ሲገባ ባትሪው በመግነጢሳዊ መስክ አማካይነት ይሞላል። የተጋለጠ ብረት ለብረት ግንኙነት በጨው ውኃ ውስጥ አይበረክትም። ጥልቀቱም ያግዛል፤ ከሞገዱ ርዝመት ግማሽ በታች ውኃው ከሞላ ጎደል ጸጥ ያለ ስለሆነ ማረፊያው አይናወጥም።

ችግሩ ላይኛው ነው። የሞገድ ቁመት በእጥፍ ሲያድግ የተሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በጸጥታው ቀን በቂ ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ በማዕበሉ ቀን መሰበር የለበትም፤ ሁለቱን ማስታረቅ የመሐንዲሱ ራስ ምታት ነው። ቢሆንም ማሽን በባሕር ላይ ለወራት መቆየት እንደሚችል ታይቷል፤ በሞገድ ጉልበት የሚጓዘው ፓፓ ማው በ2011 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በ2012 አውስትራሊያ ደርሷል። የመለኪያ መሣሪያዎቹን ያንቀሳቀሰው ግን የፀሐይ ብርሃን ነበር።

ከምሕንድስናው ይልቅ ቸል የተባለው ሌላ ጉዳይ ነው። ሰርጓጆች በቅርጽም በመጠንም ይለያያሉ፤ የአንዱ ማረፊያ ለሌላው አይሆንም። በሕዝብ ገንዘብ የሚተከል ተንሳፋፊ የአንድ ኩባንያ ሰርጓጅ ብቻ የሚሞላ ከሆነ፣ የሌሎቹ ተመራማሪዎች ሰርጓጆች በአጠገቡ እያለፉ ባትሪያቸውን ለማደስ መርከብ ይጠብቃሉ። ገንዘቡን የሚሰጡ መንግሥታት የጋራ ማረፊያን ከወዲሁ የውል ግዴታ ሊያደርጉት ይገባል።