የካፒቴን ኩክ ዕቃዎች፦ ወረቀት ያለው ይመለሳል፤ የሌለውስ?

«ይሄ ፍላጻ ከካፒቴን ኩክ የእግር አጥንት የተሠራ ነው።»

ሲድኒ ባለው የአውስትራሊያ ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ አንድ ፍላጻ ይህን ታሪክ ይዞ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል። ታሪኩ ምን ይላል መሰላችሁ? እንግሊዛዊው የባህር አሳሽ ጀምስ ኩክ በ1779 ሃዋይ ላይ ተገደለ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከአጥንቱ ፍላጻ ተሠራ። በ1820ዎቹ የሃዋይ ንጉሥ የኩክ ሚስት ዘመድ ለሆነ የለንደን ሐኪም ሰጡት።

በ2004 የዲ ኤን ኤ ምርመራ ውጤት ወጣ። የኩክ አጥንት አይደለም፤ የእንስሳ ሳይሆን አይቀርም ተባለ።

ግድ የለም፣ ማንም ሆን ብሎ አልዋሸ ይሆናል። ታሪክ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ እየጣፈጠ ይሄዳል፤ ይሄ በየቤታችን ያለ ነገር ነው። ግን ጥያቄው ቀላል አይደለም። ኩክና ሰዎቹ ሰብስበው የወሰዷቸው ዕቃዎች ዛሬም በየሙዚየሙ ተበትነዋል፣ ባለቤት ነን የሚሉ ሰዎችም «መልሱልን» እያሉ ነው። ታዲያ ማን ይታመን?

መልሱን ለማየት ሦስት ዕቃዎችን እንከተል።

አንደኛው ካባ ነው። ጥር 1779 የሃዋዩ አለቃ ካላኒኦፑኡ የለበሱትን ካባ አውልቀው ለኩክ ደረቡለት። ከ20,000 ገደማ ወፎች ላባ የተሠራ የክብር ልብስ ነው። ሳምንታት ሳይቆዩ ኩክ የተሰረቀች ጀልባ ለማስመለስ እኚሁኑ አለቃ ሊያግት ሲሞክር ተገደለ። ካባው ግን እንግሊዝ ገባ። መጀመሪያ በአንድ ሰብሳቢ ሙዚየም ተቀመጠ፣ በ1806 በጨረታ ተሸጠ፣ በ1819 እንደገና ተሸጠ። ያኔ የገዛው ቻርልስ ዊን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለ90 ዓመት ያህል የዊን ቤተሰብ ውርስ ሆኖ ቆየ። በ1912 ቤተሰቡ ለኒውዚላንድ ሙዚየም ሰጠው። በ2016 በውሰት ወደ ሃዋይ ተመለሰ፣ በ2020 ደግሞ ለዘለቄታው የሃዋይ ሆነ። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ሙዚየሞች ይህን ሰንሰለት «ፕሮቬናንስ» ይሉታል።

ሁለተኛው ጦር ነው። በ1770 ኩክ አውስትራሊያ፣ ዛሬ ሲድኒ ያለችበት አካባቢ ሲደርስ የጉዊጋል ሕዝብ ሰዎች እንዳይወርድ ተከላከሉ። የኩክ ሰዎች ተኮሱ፣ ቀጥለውም ከየጎጆው 40 ገደማ ጦር ሰብስበው ወሰዱ። ይህን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ከነዚህ ውስጥ አራቱን የባሕር ኃይሉ ሹም ሎርድ ሳንድዊች በ1771 ለካምብሪጁ ትሪኒቲ ኮሌጅ ሰጡ። ይሄም ተመዝግቧል። ሚያዝያ 2024 አራቱም ጦሮች ለባለቤቶቹ ተመለሱ።

ሦስተኛው ጋሻ ነው፤ ነገሩ የሚከብደውም እዚህ ላይ ነው። የብሪቲሽ ሙዚየም ለረጅም ጊዜ «በዚያች ዕለት የወደቀው ጋሻ ሳይሆን አይቀርም» ሲባል የኖረ ጋሻ አለው። የተመታው ተዋጊ ዘር ነኝ የሚለው ሮድኒ ኬሊ ጋሻው እንዲመለስ ዓመታት ሲታገል ቆይቷል። በ2018 የወጡ ጥናቶች ግን ጥርጣሬ አመጡ። እንጨቱ የቀይ ማንግሮቭ ዛፍ ነው፤ ዛፉ የሚበቅለው ደግሞ ከዚያ ቦታ ርቆ በሰሜን በኩል ነው። ከ1770 ጀምሮ ሙዚየም እስኪገባ ጋሻውን ማን እንደያዘው የሚያሳይ መዝገብም የለም።

ልብ በሉ፦ ጥናቱ ጋሻው የጉዊጋል ነው የሚለውን አጠራጠረ እንጂ ጋሻው የእንግሊዝ ነው አላለም። እንጨት ደግሞ በንግድ ከቦታ ቦታ ሊሄድ ይችላል።

የእኛ ትንታኔ እንግዲህ ይሄ ነው። «ማስረጃ አምጡ» ማለት በራሱ ልክ ነው፤ የፍላጻው ታሪክ የሚያስተምረን ያንን ነው። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ብዕሩ በማን እጅ ነበር? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንላለን። እዚህ ግን የወጋውም አልረሳም፣ ሲመቸው ጽፎ አስቀምጧል። ሳይጽፍ የቀረውን ክፍተት ደግሞ የተወጋው እንዲሞላ ይጠየቃል። ይሄ ፍትሐዊ አይመስለንም። መዝገቡ የጠፋው ዕቃው በወሳጆቹ እጅ ሳለ ከሆነ፣ የማስረዳቱ ሸክምም በያዘው ላይ መውደቅ አለበት።

ይሄ ነገር የእኛም ጉዳይ ነው። በ2021 እንግሊዝ ውስጥ በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ የብራና መጽሐፍና የቀንድ ዋንጫዎች ለጨረታ ቀርበው ነበር። ምንጫቸው በመቅደላ ዘመቻ የነበረ የእንግሊዝ መኮንን መሆኑ ተገልጿል። ሻጭ እንዲህ ያለ ታሪክ የሚያቀርበው ዋጋ ስለሚጨምር ነው። ያጋለጠውም ያው ታሪክ ሆነ፦ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተቃወመ፣ ጨረታው ቆመ፣ ዕቃዎቹ ተገዝተው ለኢትዮጵያ ተሰጡ። «መቅደላ» የሚለው ቃል ባይኖርስ ኖሮ? አንዱ ሰው ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ይሰቅለው ነበር፣ እኛም አናውቅም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ነገር እንድታደርጉ እንጠይቃችሁ። ቤታችሁ ውስጥ ከአያት የመጣ መስቀል፣ ጋሻ፣ የብር ጌጥ፣ የብራና መጽሐፍ አለ? በስልካችሁ ከፊትም ከጀርባም ፎቶ አንሱት። እማማን ወይ አያታችሁን «ይሄ ከማን ነው የመጣው? መቼ? እንዴት?» ብላችሁ ጠይቁና ድምፃቸውን ቅረጹ። «አላውቅም» ካሉም አላውቅም ማለታቸውን ያዙ፤ በግምት አታጣፍጡት። ቀኑንና የተናጋሪውን ስም ጻፉ፣ ስልኩ ቢጠፋ እንዳይጠፋ ለአንድ ዘመድ ላኩት።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። የእናንተ ቤት ዕቃ ታሪክ ማን ጋ ነው ያለው?