ለጠርዙ ጭረት ተብሎ ምስሉ አይቆረጥ

የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር አለ። በቴሌቪዥን ሲታይ ንጹሕ የነበረው ሰርግ ወይም ከጣቢያ የተቀዳ ድራማ፣ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ከግርጌው የተንሻፈፈ፣ የሚንቀጠቀጥ ጭረት ይዞ ይመጣል፤ ግራና ቀኙም ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ባለቤቱ ካሴቱ ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል። ገልባጩ ደግሞ ደንበኛው ቅር እንዳይለው ጠርዙን ይቆርጥና የቀረውን ምስል ስቦ ማያውን ያስሞላዋል። የሁለቱም ስጋት ይገባኛል፤ ሆኖም ቆርጦ መሳቡ ከጭረቱ የባሰ ጉዳት ስለሚያደርስ ዋናው ቅጂ ከነጠርዙ መቀመጥ አለበት ባይ ነኝ።

ጭረቱ የካሴቱ ሕመም አይደለም። በቪኤችኤስ ካሴት ማጫወቻ (ዴክ) ውስጥ ዘንበል ብሎ የሚሽከረከር ከበሮ አለ፤ በከበሮው ላይ ፊትና ኋላ የተቀመጡ ሁለት ማንበቢያዎች (ሄዶች) የካሴቱን ክር ተራ በተራ ያነባሉ። በአገራችን በሚሠራበት የፓል ሥርዓት ከበሮው በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ በእያንዳንዱ ዙር አንዱ ሄድ የምስሉን ግማሽ፣ ሌላው የቀረውን ግማሽ ያነባል። አንዱ ለሌላው ተራውን ሲያስረክብ ምልክቱ ለቅጽበት ይናወጣል። ይህ ርክክብ ከምስሉ ግርጌ ጥቂት መስመሮች ሲቀሩ እንዲፈጸም የተደረገው ታስቦበት ነው፤ ባለ ትልቅ ጀርባው የድሮ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ዳር ከፍሬሙ ሥር ይደብቀው ነበርና። ኮምፒውተር ግን የተቀዳውን ሁሉ ያሳያል። የጎኖቹ ጥቁር መስመርም እንዲሁ ነው፦ በ720 ነጥብ ስፋት ከሚቀዳው መስመር ውስጥ እውነተኛው ምስል የሚይዘው 702 ያህሉን ሲሆን የቀረው ለጥንቃቄ የተተወ ዳርቻ ነው።

አሁን ወደ መቀሱ እንምጣ። የፓል ምስል ከላይ እስከ ታች 576 መስመር አለው። ጭረቱ 8 መስመር ቢይዝ እንኳ ከመቶ ሁለት አይሞላም። ያን ያህሉን ቆርጦ መጣሉ ብቻውን ብዙ ባልጎዳ፤ ችግሩ የቀረውን 568 መልሶ ወደ 576 መሳቡ ላይ ነው። የቴሌቪዥን ምስል የተሸመነው ከሁለት ግማሾች ነው፦ አንዱ 1፣ 3፣ 5 እያለ፣ ሌላው 2፣ 4፣ 6 እያለ ይሄዳል፤ ሁለቱ የተቀረጹበት ጊዜም በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ይለያያል። ምስሉ ቁልቁል ሲሳብ እነዚህ መስመሮች እርስ በርስ ይደባለቃሉ፤ እስክስታ የሚወርድ ሰው ትከሻ ዙሪያ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጣጠቀ ጥላ ይቀራል። ከአናቱ ላይ 1 ወይም 3 መስመር የቆረጠ ደግሞ የግማሾቹን ቅደም ተከተል ይገለብጠውና እንቅስቃሴው ሁሉ ወደፊትና ወደኋላ ይዘላል። ቅደም ተከተሉ ሊስተካከል ይችላል፤ በመሳብ የተደባለቁትን መስመሮች ግን ወደ ነበሩበት የሚመልሳቸው ዘዴ የለም።

ጭረቱ ፋይሉን ያሳብጣል የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። በየቅጽበቱ የሚለዋወጥ ጭረት ሲታመቅ ብዙ ቦታ ይበላል፤ ለፊቱና ለልብሱ ጥራት ሊውል የሚገባውንም ይሻማል። መፍትሔው ግን መቁረጥ አይደለም፤ በሚታየው ቅጂ ላይ ያንኑ ያህል መስመር በጥቁር መሸፈን ነው። ጥቁር ከቁጥር የሚገባ ቦታ አይወስድም፤ ምስሉም በ576 መስመሩ ይጸናል፣ ዓይንም አይረበሽም። ማንም ለማያየው ጠርዝ ለምን እንጨነቃለን ለሚለውም መልስ አለኝ። የጭረቱ ውፍረት ከዴክ ዴክ፣ አንዳንዴም በአንዱ ካሴት ላይ ከቀረጻ ቀረጻ ይለያያል፤ ለአንዱ የበቃ ልክ የሌላውን ደህና ምስል ይበላል። ካሴቱን እንደገና አጫውቶ ለማስተካከል ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው፤ ዴክ በማምረት የመጨረሻው የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ ሥራውን በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ችግር ከዚህም ይብሳል። ከአዲስ አበባ የተላከላቸው ካሴት ፓል ሲሆን የእነርሱ ዴክ የሚሠራው በአሜሪካው ሥርዓት በኤንቲኤስሲ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ምስሉ መጀመሪያ ወደ 480 መስመር ይቀየራል፣ ቀጥሎ ይቆረጣል፣ ከዚያ ይሳባል። ፓልን እንዳለ የሚያጫውት ዴክ ያለው ገልባጭ መፈለግ ይሻላል፤ ዋጋው ከፍ ቢልም።

ስለዚህ ካሴታችሁን ለገልባጭ ስትሰጡ ሁለት ቅጂ ጠይቁ፦ ለቤተሰብ ማያ ጠርዙ በጥቁር የተሸፈነ፣ ለማስቀመጫ ደግሞ ያልተቆረጠና ያልተሳበ። አንድ ሰዓት ቀረጻ ዲቪ በሚባለው የዲጂታል ቪዲዮ ቅርጸት ቢቀመጥ 13 ጊጋባይት ያህል ነው፤ ዛሬ ኪስ ውስጥ የሚገባ ፍላሽ ይይዘዋል።