ስፒከሩ ኮልፌ ገብቷል፤ ልቡ ግን ሜሪላንድ ነው

አየር ጤናና ቤቴል አካባቢ አንዳንድ ቤት ሲገባ፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠ ክብ ነገር ይታያል። አሌክሳ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት መጥቶ «ልጅዎ ነው የላከልዎት፤ ሲጠሩት ያወራዎታል» ብሎ አስረክቦ ሄዷል። እናት ሰኩት። ብርቱካናማ መብራት ዞረ፣ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናገረች፣ ከዚያ ጸጥ። ማታ ለልጅ ተደወለ። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «እማዬ፣ ኔትወርክ የለም ማለት ነው። ነቅለሽ ስኪው።» ተነቀለ፣ ተሰካ። በሳምንቱ ዳንቴል ለበሰ።

የሚያናድደው የዕቃው ዝምታ አይደለም። እናት «እኔ ነኝ መሰለኝ ያበላሸሁት» ማለታቸው ነው። እቁባቸውን በቴሌብር የሚጥሉ ሴት! ልጅም ዘመድም «የድሮ ሰው ቴክኖሎጂ አይገባውም» ብሎ ፈረደባቸው። ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ያልገባው የላከው ልጅ ነው።

«ኔትወርክ የለም» የሚባለው አነጋገር ራሱ ሁለት ነገር ደባልቆ ይደብቃል። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስፒከሩ ያለው የቤት ውስጥ መንገድ ነው፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከቤት ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር። በዚያው ሳሎን የልጅ ልጅ በዚያው ዋይፋይ ቲክቶክ እያየች ከሆነ መስመሩ አለ። የሌለው ስፒከሩ የሚያውቀው ዋይፋይ ነው። ልጅ ለእናቱ አስቦ፣ ዕቃውን ሜሪላንድ ቤቱ ከፍቶ፣ ሞክሮ፣ መልሶ አሽጎ ላከ። ዕቃው የሚያስታውሰው የዚያን ቤት የዋይፋይ ስምና የይለፍ ቃል ብቻ ነው። ኮልፌ ቡፌ ላይ ተቀምጦ ሜሪላንድን ይፈልጋል። መንቀልና መሰካት አያስረሳውም፤ ሺህ ጊዜ ቢደረግም ያው ነው።

ጥገና ቤት ቢወሰድ «ፍላሽ ይደረግ» የሚል አይጠፋም። ገንዘብ ነው የሚሄደው። ሥራው እኮ ይህን ያህል ነው፦ ብርቱካናማው መብራት እስኪዞር ቁልፉን ተጭኖ መያዝ፣ ከዚያ ስልክ ላይ ባለው መተግበሪያ የቤቱን ዋይፋይ መርጦ የይለፍ ቃሉን ማስገባት። ግን እዚህ ላይ ሁለተኛው ጥፋት ይመጣል፤ አካውንቱ የልጅ ነው። የማረጋገጫ ኮዱ የሚገባው ወደ ልጅ ስልክ ነው። አዲስ አበባ ረፋድ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ውድቅት ሌሊት ነውና ኮዱ ትራስ ሥር ጮኾ ጊዜው ያልፍበታል።

ከዚህ የረቀቀም አለ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ብዙውን ጊዜ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚጠቀመው ከ1 እስከ 11 ያሉትን ቻናሎች ነው። እዚህ ያለው ራውተር በራሱ መርጦ 13ኛው ላይ ከተቀመጠ፣ የቤቱ ስልክ ሁሉ እያየው ስፒከሩ ብቻ ላያየው ይችላል። መድኃኒቱ ራውተሩ ውስጥ ገብቶ ቻናሉን 1፣ 6 ወይም 11 ማድረግ ነው። ይህን እናት እንዲያውቁ የሚጠብቅ ካለ ወጣ ይበልና ይታይ። (መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ሌላ ነው፤ ራውተሩ እስኪነሳ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይበቃል።)

ይህ ሁሉ ተስተካክሎስ? አሌክሳ አማርኛ አትችልም። አረብ አገር ሠርታ የተመለሰች እህት ቤት ውስጥ ካለች ትሻላለች፤ አረብኛ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ገብቶላታል። አማርኛ ለማሽን ይከብዳል የሚለው ሰበብ ደግሞ ድሮ ወድቋል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2017 የአማርኛ ንግግርን በስልክ ኪቦርድ ወደ ጽሑፍ መቀየር ጀምሯል። እናት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቡና እያፈሉ ሰዓት ቢጠይቋት «ሰባት» ትላለች። ልጅ የሰዓት ክልሉን ካልቀየረውማ የሜሪላንድን እኩለ ሌሊት ትነግራቸዋለች። ልጅ ይህን እያወቀ ነው «ያወራሻል» ብሎ የላከው።

ለመላክ ገና እያሰበ ያለ ልጅ ካለ፣ የራውተሩን ስምና የይለፍ ቃል እህቱ ፎቶ አንሥታ ትላክለት። እዚያው ቤቱ የእንግዳ ዋይፋይ ከፍቶ፣ ያንኑ ስምና ያንኑ የይለፍ ቃል ፊደል ሳይሳሳት ሰጥቶ፣ ስፒከሩን በእሱ ያገናኘው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ያድርገው። ዕቃው ኮልፌ ሲሰካ የሚያውቀውን ስም ያገኛል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

የላከ ደግሞ ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይደውል። እዚያ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ኮዱ ሲመጣ ነቅቶ ይጠብቃል። በቪዲዮ የልጅ ልጅን ስልክ እያየ ቁልፉን ያሳያት፣ እሷ ትጫን። እናት አጠገቧ ይቀመጡ። ከዚያ በፊት ግን «አንቺ አላበላሸሽውም እማዬ፣ እኔ ነኝ» ይበላቸው።