ምስጋናው በስም ይሁን
የሙያ ማኅበር በአባልነት መዋጮ ብቻ አይቆምም፤ የሚያቆሙት ከሥራቸውና ከትምህርታቸው ቀንሰው ጊዜያቸውን በነፃ የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ትምህርትንና ሥልጠናን አቅዶ በሚቀርጸው የኢንስትራክሽናል ዲዛይን ሙያ ይህ ጎልቶ ይታያል። በአሜሪካ በ1923 የተመሠረተው የትምህርት ኮሙኒኬሽንና ቴክኖሎጂ ማኅበር ከሙያው አባቶች አንዱ በሆነው በሮበርት ጋኜ ስም ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የምርምር ሽልማት ማዘጋጀቱ የሚመሰገን ነው። ጋኜ ማስተማርን በ9 ክንውኖች ሲከፍል ሰባተኛው ግብረ መልስ ነበር፤ ተማሪ የሠራው ሥራ ምን እንደሚመስል ሊነገረው ይገባል ማለት ነው። ታዲያ ይህን የሚያስተምር ሙያ ለራሱ ሰዎች ሊነፍገው አይገባም። በዓመት መጨረሻ «ሁላችሁንም እናመሰግናለን» ማለት ግብረ መልስ አይሆንም። በጎ ፈቃደኛ ሽልማት ፈልጎ አይሠራም የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ነገር ግን ልፋቱን ያየለት ሰው ከሌለ በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። በጎ ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ደግሞ ሥራ ሲያመለክት የሚያሳየው ማስረጃ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ማን የትኛውን ጽሑፍ እንደገመገመ፣ ማን የትኛውን ሥልጠና እንዳዘጋጀ በስም ይጻፍ፤ ተማሪ የነደፈው ሥራ ላይ ስሙ ይስፈር፤ ያገለገለ ሁሉ የሠራውን በዝርዝር የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጠው። የማኅበራት መሪዎች ሆይ፣ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዛሬውኑ ጀምሩት።