መብራት ሄዶ ሲመጣስ?

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

ነገሩ የጀመረው ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ ይዞልኝ በመጣት አንዲት ስማርት ሶኬት ነው። እዚህ አዳማ፣ እኛ ሰፈር፣ ውሃ በፈረቃ ነው። ሲመጣ ሌሊት ነው፤ ግፊቱም ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ አይደርስም። ስለዚህ መሬት ያለችው ታንከር ስትሞላ በፓምፕ ወደ ላይ እንገፋና፣ ውሃው ሳይሄድ እንደገና እንድትሞላ እናደርጋለን። ለዓመታት ይህን ሲሠራ የኖረው ማን መሰላችሁ? እኔው ነኝ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በነጠላ ጫማ፣ ባትሪ ይዤ።

ሶኬቷ ስትመጣ እንቅልፌን አገኘሁ አልኩ። ስልኬ ላይ ሦስት መስመር ትዕዛዝ ጻፍኩ፦ 9 ሰዓት ላይ ፓምፑን አብራ፣ 40 ደቂቃ ጠብቅ፣ አጥፋ። (በመጀመሪያው ቀን የስልኩ ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን ረስቼ 9፡00 ብዬ ሞላሁና ፓምፑ ጠዋት 3 ሰዓት ተነሳ። ሳቁ፣ ይገባኛል።) ካስተካከልኩት በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል እንደ ሰው ተኛሁ።

ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ፓምፑ ሥራ ከጀመረ ሩብ ሰዓት ሳይሞላው መብራት ሄደ። የተመለሰው 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። 9፡40 ላይ መድረስ የነበረበት «አጥፋ» የሚለው ትዕዛዝ ከሰርቨሩ ወጥቶ የሞተች ሶኬት ጋ ደረሰ፤ ማን ይስማው? መብራት ሲመጣ ደግሞ ሶኬቷ እንደ አሠራሯ ወደነበረችበት ተመለሰች፤ በርታ ነበር፣ በራች። ከዚህ በኋላ አጥፊ የሚላት የለም። ቆጠራው አልቋል፣ ትዕዛዙም «ተፈጽሟል»።

ጠዋት የቀሰቀሱኝ ከእኛ ቤት ውሃ የሚቀዱ ጎረቤታችን እማማ ናቸው፤ ባዶ ጀሪካን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። «ልጄ፣ ውሃው መንገድ ለመንገድ ሲፈስ አደረ እኮ!» ሮቶው ሞልቶ ፈስሷል፣ የመሬቷ ታንከር ደርቃለች፣ ፓምፑ ያለ ውሃ ሲሽከረከር አድሮ ሲሉ ተቃጥሏል። የፓምፑ ይሁን፣ ይጠገናል። የሚቀጥለው ተራ እስኪደርስ ግን ውሃ በጋሪ እየገዛን ከረምን፤ እማማም እንደኛው።

ሶኬቷን ለመስደብ ቃጥቶኝ ነበር። ግን እኔ እኮ ስንት ዓመት የሞተር ቁጥጥር ያስተማርኩ ሰው ነኝ! ተማሪዎቼ ስታር ዴልታን ታስታውሳላችሁ፤ ሞተሩ በስታር ይነሳል፣ ታይመሯ ጥቂት ሰከንድ ትቆጥራለች፣ ከዚያ ወደ ዴልታ። መሀል ላይ መብራት ቢሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ መብራት ሲመለስ ሰው አረንጓዴዋን ቁልፍ ካልተጫነ ሞተሩ በራሱ አይነሳም። ይህን ለምን እንደዚያ እንደምናስረው ፈተና ላይ ስጠይቃችሁ ኖሬ፣ ቤቴ ስገባ ረሳሁት።

ፍሪጅ ጋርዷንም ተመልከቱ። መብራት ሲመጣ ወዲያው አትሰጥም፤ ጥቂት ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ፣ የመስመሩም ቮልቴጅ እስኪስተካከል። የሷ ቆጠራ የሚጀምረው መብራት ከተመለሰ በኋላ ነው። መብራት እንደሚሄድ አስቀድማ አምናለች። የስልኬ «40 ደቂቃ ጠብቅ» ግን መብራት የማይሄድበት አገር የተጻፈ ነው፤ ቆጠራውም የሚቆጠረው ቤቴ ውስጥ ሳይሆን ባሕር ማዶ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ሰርቨሩን ቤት ብታመጡትም ችግሩ አይለቅም። ሆም አሲስታንት የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ታውቁታላችሁ፦ በትዕዛዝ መሀል የገባ «ጠብቅ» ፕሮግራሙ ጠፍቶ ሲነሳ አብሮ ይሞታል። ለብቻው የሚፈጠረው ታይመር ላይ «ሪስቶር» የምትል ምርጫ አለች፤ እሷ ስትበራ ብቻ ነው ቆጠራው የሚተርፈው።

«ኢንቨርተር ግዛ» የሚለኝ አይጠፋም። የማን ገንዘብ? ደግሞ ዋይፋዬን በባትሪ ባቆየው የሰፈሩ ኔትወርክ አብሮ ሲወድቅስ? የሚገርመው የት ሆነን ነው ይህን የምናወራው! ቆቃ ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኃይል የሚያመነጨው እዚሁ አፍንጫችን ሥር ነው። ቀና ስንል የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ደግሞ የሁለቱ ጣቢያዎች አቅም ሲደመር 204 ሜጋ ዋት ነው። ኃይሉ ግን ወደ ብሔራዊው መረብ ገብቶ ነው ዞሮ የሚመጣው፤ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል ተርባይኑን ማየት ምን ይጠቅማል።

ስለዚህ በአዳማ፣ በሞጆ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ ይህን ዕቃ እየገጠማችሁ እንጀራ የምትበሉ ልጆቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባለቤቱ ፊት ብሬከሩን አውርዱት፤ ቆጠራው መሀል ላይ እያለ። ቆይታችሁ መልሱት። ሶኬቷ በርታ ከተነሳች ሥራችሁ አላለቀምና ሂሳብ አትቀበሉ። ብዙዎቹ ላይ «መብራት ሲመለስ» የሚል ማስተካከያ አለ፤ ለፓምፕ፣ ለካውያ፣ ለምጣድ «ጠፍታ ትቆይ» በሉት። ለነገሩ ምጣድን የሚያህል ጭነት በዚያች ትንሽ ሶኬት አታሳልፉ፣ ትቀልጣለች።

እኔ አሁን ሁለቱም ታንከር ውስጥ ፍሎት ስዊች አስገብቻለሁ። ላይኛው ሲሞላ ወይም ታችኛው ሲያልቅ ፓምፑ ይቆማል፤ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ። 40 ደቂቃዋ ድንገት ፍሎቱ ቢነክስ ብላ ተጠባባቂ ሆናለች። መብራት ከሄደ ሶኬቷ ጠፍታ ትነሳለች፣ እኔም ነጠላ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ።

ነገ ሌሊት ተራችን ነው። እማማ ጀሪካናቸውን ከአሁኑ አምጥተው በር ላይ ደርድረዋል።