የጣሊያን ምሽጎች ታርሰው ሳያልቁ

የፋሺስት ዘመን ግዞት ሲነሣ ሐሳባችን ወዲያው ባሕር ይሻገራል። የጎጃም ገዥ የነበሩት ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የተጋዙት ጣሊያን አገር፣ ፖንዛ ደሴት ነው። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ደግሞ ብዙ ሰው ከነቤተሰቡ እየታፈሰ ከሞቃዲሾ በስተደቡብ ወዳለው ዳናኔ ተጋዘ፤ ቀይ ባሕር ላይ የኖኩራ ግዞት ደሴትም ነበረች። ከዳናኔ የተረፉት ሚካኤል ተሰማ በሰጡት የምስክርነት ቃል ከ6,500 እስረኞች 3,175ቱ እዚያው አልቀዋል።

ይህን የምናውቀው ከወረቀት ነው። መሬቱን ቆፍሮ የጠየቀ በጣት የሚቆጠር ነው።

ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ በሰሜን ሸዋ ያለው የዘረት አመጸኛ ዋሻ ያሳያል። በሚያዝያ 1931 አርበኞች ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር እዚያ ተጠልለው ሳለ የጣሊያን ጦር የሰናፍጭ ጋዝ ለቀቀባቸው፤ የወጡትን ወንዶች ረሸነ። ጣሊያናዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴኦ ዶሚኒዮኒ የጭፍጨፋውን ሰነድ አገኘ፤ ቀጥሎም ስፔናዊው አርኪዮሎጂስት አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል ከኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ ጋር ዋሻውን አጠና። የሰው አጽም፣ ቀለህ፣ የሸክላ ስብርባሪና የእህል ጎታ ተገኘ። እኔን የያዘኝ ጎታው ነው። ለአንድ ቀን ውጊያ የመጣ ሰው ጎታ አይሠራም። ወራሪው በሰነዱ ዐመፀኛ የሚላቸው ሰዎች ቤታቸውን፣ ልጆቻቸውንና ቀለባቸውን ይዘው የገቡ ገበሬዎች እንደነበሩ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

እኛ ጋስ፣ ጎጃም ውስጥ? ከቡሬ በመንኩሳና በደምበጫ አድርጎ እስከ ደብረ ማርቆስ የጣሊያን ምሽግ ተደርድሮ ነበር። በየካቲት 1933 ማብቂያ የጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ቡሬን ለቅቆ ያፈገፈገው በዚሁ መስመር ነው። ውጊያው ተጽፏል፤ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌትም አርበኞቹም ተወስተዋል። ጥናት የሚጠብቀው የምሽጉ ውስጥ ኑሮ ነው። ድንጋዩን ማን ተሸከመ? መሣሪያዬን አላስረክብም ያለው ገበሬ የት ታሰረ? የሞተውስ የት ተቀበረ?

አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሁሉ እንዲያሳውቅ ያዛል። ነገር ግን ማረሻው ቀለህ ወይም የዛገ ብረት ያወጣለት ገበሬ ቅርስ አገኘሁ አይልም፤ ብረቱ ለቁራሌው ይሸጣል። አይፈረድበትም፤ ይህም ቅርስ ነው ብሎ የነገረው የለም። ቡሬ ደግሞ በኢንዱስትሪ ፓርኳ ዙሪያ እየሰፋች ነው፤ ዶዘር የገባበት መሬት ዳግመኛ አይጠናም። በጣሊያን የአፊሌ ከተማ በ2004፣ በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጊዜ የጣሊያን እንደራሴ ለነበረው ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ አቆመች። የገዳዩ ስም በድንጋይ ላይ ሲጻፍ የእኛ ሰዎች መቃብር በእርሻና በግንባታ ሥር መጥፋት የለበትም።

የሚፈለገው ብዙ አይደለም። የወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ምሽጎቹን በካርታ ይመዝግቡ፤ ከወላጆቻቸው የሰሙትን የሚያስታውሱ አዛውንቶችን ድምፅ ይቅዱ። ሰላሙ ከፈቀደ፣ ሰብል ተሰብስቦ ማሳው ባዶ በሚሆንበት ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የመጀመሪያው የመስክ ቅኝት ሊጠናቀቅ ይችላል።